ስንብት የሚያውቁበት ሰዎች

ደቡብ ሱዳን፣ ቤንቲዩ ውስጥ በነርስነት በሠራሁበት የእርዳታ ድርጅት ሆስፒታል የስንብት ግብዣ የራሱ ሥርዓት አለው። ፍየሉ ቀደም ብሎ ይገዛል፤ በዋጋው ላይ ክርክር ይነሣል። ገንዘቡን የሚሰበስበው ሁልጊዜ የመድኃኒት ክፍሉ ኃላፊ ነው፤ ቆጠራ ስለማይሳሳት እንጂ ስለሚወደድ አይደለም። የፕላስቲክ ወንበሮች ክብ ሠርተው ይደረደራሉ። ንግግሩ ከጥበቃዎች ይጀምርና ጽዳት፣ ልብስ አጣቢዎች፣ ሕፃናት ክፍል፣ ማዋለጃ እያለ ይቀጥላል። ሐኪሞቹ መጨረሻ ላይ ይነሣሉ፤ በዚያ ሰዓት ሥጋው ስለሚደርስ የሚያዳምጣቸው የለም። ተሰናባቹ መሃል ተቀምጦ ስለ ራሱ የሚነገረውን ይሰማል። አብዛኞቹ ፈረንጆች ያለቅሳሉ። እኔም ተራዬ ሲደርስ አልቅሻለሁና በማንም አልስቅም።

ስለ መሄዴ ብዙ የምለው የለኝም። ከእንዲህ ያለ ሥራ የተመለሰ ሰው የሚለው ይታወቃል፤ ደክሞኛል፣ ይናፍቀኛል፣ እንቅልፌ አልተስተካከለም። እኔን ሲያስገርመኝ የኖረው የሚቀሩት ሰዎች ነገር ነው። ለቀዶ ጥገና የሚመጣ ሐኪም ስድስት ሳምንት ቆይቶ ሊመለስ ይችላል፤ ሌሎቻችን ስድስት ወር ወይም ዓመት እንቆያለን። እዚያ ለአሥር ዓመት የሠራች አንዲት የአገሬው አዋላጅ በዚያ የወንበር ክብ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደተቀመጠች አስቡት። እሷ ሳትነቃነቅ እኛ ባጠገቧ እናልፋለን። እንዲህም ሆኖ ግብዣው ሁሉ የመጀመሪያው እንደሆነ አድርጋ ትሰናበታለች። እንዴት እንደማይሰለቻት ማወቅ እፈልግ ነበር።

የፈለግኩት ያለ ምክንያት አይደለም። እኔም በአንድ ወቅት የሚቀር ሰው ነበርኩ። በ2006 ዓ.ም. የደቡብ ሱዳን ጦርነት ሕዝቡን በድንበሯ ፓጋክ በኩል ወደ ጋምቤላ ሲያፈስሰው፣ ከትምህርት ቤት የወጣሁ ጀማሪ ነርስ ሆኜ ኩሌ መጠለያ ጣቢያ ተቀጠርኩ። ከየአገሩ የመጡ አለቆች ይፈራረቁብን ነበር። ሲሄዱ ቡና የማፈላው እኔ ነበርኩ። አቦል ላይ ስጦታው፣ ቶና ላይ ንግግሩ፣ በረካ ላይ እንባው ይመጣል። ሁሉም «እጽፍላችኋለሁ» ይላሉ። ጥቂቶቹ ለአንድ ወር ያህል ይጽፋሉ፤ ከዚያ በየዓመቱ የልደት ቀን መልእክት ብቻ ይቀራል፤ እሱም የእኛን ዘመን አቆጣጠር ስለማያውቁት በተሳሳተ ቀን ይደርሳል።

አዲስ የሚመጣው ሁሉ ደግሞ የመድኃኒት መደርደሪያውን ይቀይራል። ይህ የማይሻር ሕግ ነው። አንዱ በፊደል ተራ ያስደረድረናል፣ ቀጣዩ በበሽታ ዓይነት ይከፋፍለዋል፣ ከእሱ በኋላ የምትመጣው ወደ ፊደል ተራ ትመልሰውና ስለ ለውጡ ሪፖርት ትጽፋለች። እኛ ዝም ብለን ካርቶን እናነሣለን። በዚያ ዕድሜዬ ራሴን የምከላከልበት ዘዴ አግኝቼ ነበር፤ ሰውን በልክ መውደድ። ሻንጣው ከአልጋው ሥር ላለ ሰው ሆድ አይሰጥም እል ነበር። ኩሌ የነበርን ኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ብዙዎቻችን እንዲያ ነበርን፤ ጨዋ፣ ተግባቢ፣ ትንሽ ቁጥብ። ቤንቲዩ ስደርስ ግን በልክ የሚወድ ሰው አጣሁ።

ቤንቲዩ በደቡብ ሱዳን ሰሜን፣ ዩኒቲ ግዛት ውስጥ ያለች ከተማ ናት። ታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሣ ሕዝቡ አጠገቧ ሩብኮና ወዳለው የተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪዎች ሰፈር ሸሽቶ ገባ። እስኪረጋጋ ድረስ የተባለው መጠለያ አሥር ዓመት አለፈው፤ ከመቶ ሺህ በላይ ሰው የኖረበት ጊዜ አለ። የሸሹበት ምክንያት ከንቱ ፍርሃት አልነበረም። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ከተማዋ ከእጅ ወደ እጅ ስትገባ በመስጊድና በሆስፒታል የተጠለሉ ሰዎች ተገድለዋል። ከባልደረቦቼ መካከል ያን ቀን ከተማ ውስጥ የነበሩ አሉ። አይተርኩትም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ከ2013 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ደግሞ ውኃው መጣ። ክረምት ሲወጣ ይሸሻል ተብሎ ቢጠበቅም በጋውንም ተኛበት፤ በሚቀጥለው ክረምት ሌላ ተጨመረበት። ዛሬ ከተማው፣ መጠለያውና አውሮፕላን ማረፊያው ከውኃው ከፍታ በታች ሆነው በአፈር ግድብ ተከልለው ነው ያሉት። ግድቡ ላይ ቆማችሁ በአንድ በኩል ውኃውን ትከሻችሁ ሥር፣ በሌላ በኩል የቤቱን ጣሪያ ታያላችሁ። ከብቱ አልቋል፣ ማሳው ሰጥሟል። ሴቶች በታንኳ እየሄዱ የውኃ አበባ ሥር ለቅመው ይፈጩና ለልጆቻቸው ያበስላሉ። ኑዌር ከብቱን ሲያጣ ምን እንደሚሆን ጋምቤላ የኖረ ሰው ያውቀዋል፤ ጥሎሹም፣ ካሳውም፣ ዘፈኑም ከብት ነው።

ሥራ የጀመርኩ ዕለት በሩ ላይ አንድ ሽማግሌ ጥበቃ መታወቂያዬን አገላብጠው አዩና ቀጥ ብለው ቆመው «ጤና ይስጥልኝ፣ ጓድ!» አሉኝ። ደነገጥኩ። ከዚያ ቃል ጋር የተለያየነው እኔ ሳልወለድ ነው። ለካስ በደርግ ዘመን ልጅ ሆነው ጋምቤላ ውስጥ ኢታንግ መጠለያ አድገው፣ አማርኛውን እዚያው ተምረውት ኖሯል። አማርኛቸው በ1983 ዓ.ም. የቆመ አማርኛ ነው። መኪና ሲገባ «ተሽከርካሪ ገብቷል» ይላሉ፤ ስብሰባ ሲጠራ «ጉባኤው ተጀምሯል» ይላሉ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ «ጓድ» ቀርቶ «ልጄ» ሆንኩ፤ እውነቱን ለመናገር ሹመቱ ቀርቶብኝ ትንሽ ቅር ብሎኛል።

አማርኛ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ አልነበሩም። በሕፃናት ክፍል አብሮኝ የሠራው ነርስ በ2006 ዓ.ም. ድንበር ሲሻገር አሥራዎቹ ውስጥ የነበረ ልጅ ነው። ጋምቤላ ተምሮ፣ አዲስ አበባ ላይ መስከረም 2011 ዓ.ም. የተፈረመውን የሰላም ስምምነት አምኖ ተመለሰ። ኩሌ በነበርኩበት ጊዜ እሱም እዚያው ነበር፤ ምናልባት ክትባት ወግቼው ይሆናል ብለን እንሳሳቃለን። እኔን የሚጠራኝ «ሲስተር» ብሎ ነው፣ እንደ አገር ቤት። ወላጆች ፊት በኑዌርኛ፣ ለሪፖርት በእንግሊዝኛ፣ ሐሜት ሲሆን በአማርኛ እንነጋገር ነበር። ሐሜቱ ስለ መደርደሪያም ይጨምር ነበር።

የሽማግሌው ነገር ግን ጥያቄዬን የመለሰልኝ ነው። አንድ ኬንያዊ ሐኪም በተሸኘ ማግስት፣ ማታ በር ላይ ሻይ እየጠጣን «አባባ፣ አይሰለቻችሁም ወይ? የሚመጣው ሁሉ የሚሄድ ነው» አልኳቸው። ቶሎ አልመለሱልኝም። ከዚያ ስለ ኢታንግ ያወሩልኝ ጀመር። ግንቦት 1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ያ ሁሉ ሕዝብ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተነሥቶ በእግሩ ወደ ሱዳን ተመለሰ። የሚወዱት ኢትዮጵያዊ መምህር ነበራቸው፤ ለእሱ ቻው ሳይሉ ወጡ። በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ደግሞ ከገዛ ቤታቸው በሌሊት ወጡ፤ ከጎረቤት ማን ወደ የት እንደሄደ አልታወቀም፤ ጥቂቶቹ እስከ ዛሬ አልታወቁም። ውኃው ሲመጣም እንዲሁ። ይህን ሁሉ ያለ ቁጭት ከተናገሩ በኋላ እንዲህ አሉኝ፤

«በእኛ አገር ሰው ሲሄድ አይነግርሽም። ወይ ሸሽቶ ነው፣ ወይ ሞቶ ነው። እናንተ የምትሄዱበት ቀን ግን ይታወቃል። ቲኬት አላችሁ። ቀኑ የታወቀ መለያየት ተገኝቶ እንዴት ፍየል አይታረድም?»

ከዚያ ወዲህ የግብዣዎቹ መልክ በዓይኔ ተለወጠ። እኔ ለተሰናባቹ የሚደረግ ደግነት ይመስለኝ ነበር። እነሱ ግን በወጉ ያልተሰናበቷቸውን ሁሉ ሒሳብ እየከፈሉ ነበር። ያ የወንበር ክብ ለእኔና ለኬንያዊው ብቻ የተሠራ አልነበረም፤ ኢታንግ ለቀረው መምህርም ወንበር ነበረው። ይህን ካወቅኩ በኋላ ንግግሩ ረዘመ ብዬ ሰዓቴን ማየት አልቻልኩም።

በዚህ ላይ ሰው ብዙም የማይናገረው ነገር አለ። ጸጥታ ሲደፈርስ አውሮፕላን የሚመጣው ለእኛ ነው። በዚህ ሙያ ያሉ ድርጅቶች አብዛኞቹ እንደዚያ ናቸው፤ የውጭ ሠራተኛ ከአገር ይወጣል፣ የአገሬው ሠራተኛ ቤቱ ነውና ይቀራል። ኩሌ ሳለሁ ይህ ያናድደኝ ነበር። ቤንቲዩ ላይ ስሜ ከመውጫ ዝርዝሩ ውስጥ ሲገባ ንዴቱ ወደ ምን እንደተለወጠ ስም ልሰጠው አልችልም፤ ግን ምቾት አልነበረም።

በሕክምናው ዓለም ቤንቲዩ ስሟ ከተጠራ የሚጠራው በሄፓታይተስ ኢ ነው። በቆሻሻ ውኃ የሚተላለፍ የጉበት በሽታ ነው፤ ሌላውን ሰው ብዙ ጊዜ አመንምኖ ይተወዋል፣ ነፍሰ ጡርን ግን ሊገድል ይችላል። ክትባቱ ቻይና ውስጥ ከተፈቀደ አሥር ዓመት ያህል ቢሆነውም ወረርሽኝ ለማስቆም የትም ተሞክሮ አያውቅም ነበር። በመጋቢት 2014 ዓ.ም. የደቡብ ሱዳን ጤና ሚኒስቴርና ድንበር የለሽ ሐኪሞች በዓለም ለመጀመሪያ ጊዜ እዚህ መጠለያ ውስጥ ሰጡት፤ በሦስት ዙር፣ ነፍሰ ጡሮችንም ጨምሮ። እኔ በኋላ ነው የደረስኩት። ታሪኩን የሰማሁት ከአዋላጇ ነው። በአገሩ ማንም ወስዶት የማያውቅ መርፌ ለነፍሰ ጡር ሴት ውሰጂ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ነገረችኝ። የዚያ ዙር የውጭ ባለሙያዎች ዛሬ በየአገሩ ተበትነዋል፤ ስለ ክትባቱ በስብሰባ ላይ ይናገራሉ፣ ይገባቸዋልም። እሷ ግን ያሳመነቻቸውን ሴቶች በየቀኑ ገበያ ላይ ታገኛቸዋለች። ክትባቱ አንድ ነገር ቢያመጣ ኖሮ የሚጠየቀው የእሷ ፊት ነበር። ለእኔ የጀግንነት ልኬት ይህ ነው፤ ማግስቱን እዚያው ማደር።

በመጨረሻዎቹ ወራቶቼ ኮሌራ መጣ። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ከሱዳን ድንበር አጠገብ ባለችው ሬንክ ላይ የታወጀው ወረርሽኝ ወንዙንና መንገዱን ተከትሎ ሩብኮና ደረሰ፤ በውኃ የተከበበ መጠለያ ደግሞ ለኮሌራ ምን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። አንድ የማይባል ነገር ልበል፤ ኮሌራ ለነርስ ደስ የሚል በሽታ ነው። ሕመምተኛው በእጅ ጋሪ ተጭኖ፣ ዓይኑ ጎድጉዶ፣ የደም ሥር ትርታው ጠፍቶ ይመጣል። ሪንገር ላክቴት የሚባለውን የደም ሥር ፈሳሽ በሁለት ክንዱ ለቀህ ለሦስት ሰዓት ከጎኑ ካልተለየህ ቀና ብሎ ውኃ ይጠይቅሃል። በሁለተኛው ቀን በእግሩ ይሄዳል። በምግብ እጥረት ክፍል ሳምንታት የሚፈጀውን ተስፋ ኮሌራ በአንድ ፈረቃ ይሰጥሃል። የሚከብደው ብዛቱ ነው፤ ተቅማጡ ባልዲ ውስጥ እንዲወርድ መሃላቸው የተቀደደ አልጋዎች፣ ዓይን የሚያቃጥል ክሎሪን፣ ሌሊት። ያ ነርስ ጓደኛዬ ልጆቹ ቤት ታመው ሳለ ፈረቃውን ሳያቋርጥ ቆየ። ልጆቹን ራሱ አመጣቸው፤ ከሌላው ሕዝብ ጋር ተሰልፈው ታከሙ፤ ዳኑ።

ተተኪዬ የደረሰችው ወረርሽኙ ጋብ ማለት ሲጀምር ነው። ረጋ ያለች፣ መደርደሪያውን ገና ያላየች ሴት ነች። የርክክብ ሰነድ አዘጋጀሁላት። የአልጋ ብዛት፣ የፈረቃ ሰሌዳ፣ ከሐምሌ እስከ ኅዳር ወባ ሲበረታ በአንድ አልጋ ሁለት ሕፃን እንደሚተኛ፣ በምግብ እጥረት ለተጎዱ ሕፃናት የሚሰጠው ኤፍ-75 ወተት የሚያልቅበት ወር፣ የክትባት ማቀዝቀዣው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መሆኑን የሚያየው ማን እንደሆነ፤ ይህ ሁሉ ተጻፈ። መጻፍ ያቃተኝ ሌላው ነው። ጄኔሬተሩ ድምፁን ሲቀይር ለመጥፋት ሁለት ደቂቃ እንደቀረው፣ በዚያች ሁለት ደቂቃ ከኦክስጅን ማምረቻው ላይ ያሉትን ሕፃናት ማን ወደ ሲሊንደር እንደሚያዞር። በክብደት ማነስ የተኛ ልጇን ይዛ በአምስተኛው ቀን «ልሂድ» የምትል እናት ባለማወቅ እንዳልሆነ፤ ቤት ውስጥ ሌሎች ልጆች እንዳሏት፣ ምናልባትም የእህል ማከፋፈያ ቀን እንደሆነ፤ ስለዚህ ከመምከር በፊት ልጆቹ ማን ጋ እንዳሉ መጠየቅ እንደሚገባ። አዋላጇ በስብሰባ ላይ ዝም ካለች አልተስማማችም ማለት እንደሆነና ሐሳቧን ለማግኘት ከስብሰባው በኋላ ብቻዋን መያዝ እንደሚያስፈልግ። የመድኃኒት ክፍሉ ኃላፊ «ይታያል» ሲል አይሆንም ማለቱ እንደሆነ፤ ይህኛውን ኢትዮጵያዊ ስለሆንኩ ያለ አስተርጓሚ ነው የተረዳሁት። በቃል ነገርኳት። አንገቷን ነቀነቀች፤ የተወሰነውን ጻፈች። የቀረውን እነሱ ያስተምሯታል፤ እኔንም ያስተማሩኝ እነሱ ናቸው።

የመጨረሻዎቹን ማታዎች ግን የበላብኝ ሰነዱ አልነበረም፤ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ነው። ሰው ሲሄድ ባልደረቦቹ ማስታወሻ ይጠይቁታል ብሎ የሚያስብ ካለ ተሳስቷል። የሚጠይቁት ማኅተም ያለበት ወረቀት ነው። እነሱ የሚያውቁት አንድ ነገር አለ፤ ሰው ብቻ ሳይሆን ድርጅትም ይሄዳል። ሲሄድ ቢሮው ይዘጋል፣ ፋይሉ ይጠፋል፣ «እዚህ ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ» የሚለውን የሚመሰክር አይገኝም። ጦርነቱ ሲነሣ ዲግሪያቸውን ቤት ጥለው የሸሹ ነርሶች አሉ፤ ዛሬም መማራቸውን ማስረዳት አይችሉም። ስለዚህ ደብዳቤው የሚያዝበት መንገድ የተለየ ነው። በላስቲክ ይጠቀለላል፣ በስልክ ፎቶ ይነሣል፣ አንድ ቅጂ ከተማ ላለ ዘመድ፣ አንዱ ደግሞ ጋምቤላ ላለ ዘመድ ይላካል።

እያንዳንዱን ለየብቻ ጻፍኩት። «ታታሪና ቅን ነው» የሚለው ዓረፍተ ነገር በኩሌ ዘመኔ ለእኔም ተጽፎልኝ ነበር፤ ያኔ ከእኔ ጋር ለሌሎቹም ሁሉ ቃል በቃል ተጽፎ ስላየሁት እኔ አልጻፍኩትም። በእሱ ፈንታ የሠሩትን ጻፍኩ፤ የደም ሥር የማይገኝለትን ሕፃን በጨለማ ማግኘት የሚችል፤ በኮሌራ ጊዜ የሌሊት ፈረቃን የመራች፤ የደም ለጋሾችን ዝርዝር በቃሏ የያዘች። የጽዳት ሠራተኛዋ ማማ፣ ልጆቿ አነበቡላትና «ይህ ሁሉ እኔ ነኝ?» አለች አሉ።

ግብዣው ከላይ እንዳልኩት ነው፤ ፍየሉ ውድ ነበር። ሽማግሌው ጥበቃ መጀመሪያ ተናገሩ፣ በአማርኛ፣ ማንም ሳይገባው። ተርጉሙ ሲባሉ «የግል ጉዳይ ነው» ብለው ተቀመጡ። ሴቶቹ በእጃቸው የጠለፉትን ሚላያ አለበሱኝ፤ አልጋ ልብስ ነው፣ ወፎችና አበቦች ያሉበት። አውሮፕላኑ ከሃያ ኪሎ በላይ ስለማይቀበል መጽሐፎቼን ለመዝገብ ክፍሉ ትቼ እሱን ያዝኩ።

ከሩብኮና ጁባ፣ ከጁባ አዲስ አበባ። ሁለተኛው በረራ ሁለት ሰዓት ያህል ብቻ ነው፤ ይህ ቅርበት ነው አእምሮን የሚያውከው። ቦሌ ላይ ታክሲው የኮሪደር ልማቱን መብራት እያሳየኝ ዋጋ ጨመረብኝ። ዘመድ ሁሉ ሁለት ነገር ጠየቀኝ፤ አልፈራሽም ወይ፣ ክፍያው እንዴት ነው። እናቴ ብቻ «እነማን ጋ ነበርሽ?» አለችኝ፤ ለእሷ እየነገርኳት አመሸሁ።

ለማንም እጽፋለሁ ብዬ ቃል አልገባሁም ነበር። የጻፈልኝ ነርሱ ነው። ሰላምታውን በአንድ መስመር ጨርሶ ወደ ጉዳዩ ገባ፤ በደብዳቤው ላይ የአባቱ ስም በአንድ ኤን ተጽፏል፣ በመታወቂያው ላይ ግን በሁለት ኤን ነው፣ እንዲህ ሆኖ የትም አይቀበሉትም። እውነቱን ነው፤ እኛም አገር አይቀበሉትም። የዚያኑ ዕለት አስተካክዬ ጁባ ላለው ቢሮ ላክሁት። ማኅተሙን የሚይዘው ሰው ዕረፍት ላይ ነው፣ በሚቀጥለው ሳምንት ይመለሳል አሉኝ። ሰኞ እደውላለሁ።